ጄምስ ካሽ ፔኒ

ጄምስ ካሽ ፔኒ (ሴፕቴምበር 16 ቀን 1875 – ፌብሩዋሪ 12 ቀን 1971 እ.ኤ.አ.፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከመስከረም 6 ቀን 1868 እስከ የካቲት 5 ቀን 1963 ዓ.ም.) አሜሪካዊ ነጋዴና በስሙ የሚጠራው የጄ. ሲ. ፔኒ የመደብሮች ድርጅት መሥራች ነበር። በአንዲት የድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎች ከተማ በተከፈተ አንድ ሱቅ ጀምሮ፣ በሕይወቱ ማብቂያ ላይ ከ1,600 በላይ መደብሮች ያሉት ድርጅት ለማየት በቅቷል። ከዘመኑ ታላላቅ ነጋዴዎች የሚለየው በዱቤ መሸጥን አጥብቆ በመቃወሙ ነው። ሱቆቹ ከ1902 እስከ 1958 እ.ኤ.አ. ድረስ፣ ለ56 ዓመታት ያህል፣ እጅ በእጅ ብቻ ይሸጡ ነበር። ይሁን እንጂ ፔኒ ራሱ በመካከሉ በብድር ምክንያት ሀብቱን ከሞላ ጎደል በሙሉ አጥቷል። በስተርጅናው ደግሞ ድርጅቱ የእርሱን ስም የያዘ የዱቤ ካርድ ለደንበኞች ሲሰጥ ተመልክቷል።

ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነት

ፔኒ የተወለደው በሚዙሪ ክፍለ ግዛት፣ ሃሚልተን በምትባል ትንሽ ከተማ አቅራቢያ በሚገኝ እርሻ ላይ ነው። ወላጆቹ 12 ልጆች ቢወልዱም ለአካለ መጠን የደረሱት 6ቱ ብቻ ነበሩ። አባቱም ጄምስ ካሽ ፔኒ ይባል ነበር፤ ገበሬና የባፕቲስት ሰባኪ ሲሆን ለስብከቱ ደመወዝ አይቀበልም ነበር። «ካሽ» በእንግሊዝኛ ጥሬ ገንዘብ ማለት ስለሆነ ስሙ ለንግዱ ሲባል የወጣ የሚመስላቸው ሰዎች ብዙ ናቸው። ነገር ግን ልጁ ከአባቱ የወረሰው የቤተሰብ ስም ነው።

ልጁ 8 ዓመት ሲሞላው አባቱ ከዚያ በኋላ ልብሱን በራሱ ገንዘብ እንዲገዛ ነገረው። ፔኒ እየተላላከ ባጠራቀማት ጥቂት ገንዘብ አንድ የአሳማ ግልገል ገዛ። ከጎረቤት የምግብ ትራፊ እየሰበሰበ አደለበውና ሸጠው፤ በትርፉም ሌሎች አሳማዎች ገዛ። አሳማዎቹ ሲበዙ ግን ሽታቸው ጎረቤቶችን አስቸገረ። አባቱም ዋጋ እስኪጨምር ሳይጠብቅ ሁሉንም እንዲሸጥ አዘዘው። በሌላ ጊዜ ያመረተውን ሐብሐብ ይዞ ወደ አውራጃው ትርኢት ሄደና በር ላይ ቆሞ መሸጥ ጀመረ። በትርኢቱ ውስጥ የሚነግዱት ሰዎች ግን ለቦታቸው ከፍለው ነበርና አባቱ ሐብሐቡን ይዞ ወደ ቤት እንዲመለስ አደረገው። ፔኒ በኋላ ስለ ሕይወቱ ሲጽፍ እነዚህን ሁለት ገጠመኞች እንደ መጀመሪያ የንግድ ትምህርቱ ቆጥሯቸዋል።

በ1895 አባቱ በሃሚልተን ከተማ ባለ አንድ የጨርቃ ጨርቅና የልብስ መደብር ሥራ አስገባው። ደመወዙ ለ11 ወር 25 ዶላር፣ ማለትም በወር ከ2 ዶላር ጥቂት የሚበልጥ ነበር። አባቱ በዚያው ዓመት ሞተ።

ወደ ምዕራብ ጉዞና የመጀመሪያው ኪሣራ

ጤንነቱ ስለተጓደለና ሐኪሞች የሳንባ በሽታ ስለፈሩለት ፔኒ በ1897 አየሩ ደረቅ ወደሆነው ወደ ኮሎራዶ ሄደ። ሎንግሞንት በምትባል ከተማ ያጠራቀመውን ገንዘብ አውጥቶ የሉካንዳ ሱቅ ያዘ። የሱቁ ዋና ደንበኛ የከተማው ሆቴል ነበር። የሆቴሉ ዋና ወጥ ቤት ሥጋ መግዛቱን እንዲቀጥል በየሳምንቱ አንድ ጠርሙስ ዊስኪ እንዲመጣለት ጠየቀ። ፔኒ አንድ ጊዜ ሰጠው፤ ከዚያ በኋላ ግን ጉዳዩ ጉቦ ነው ብሎ ስላመነ አቋረጠ። ሆቴሉም ፊቱን አዞረ፤ ሱቁ ብዙም ሳይቆይ ከሰረ።

ባዶ እጁን የቀረው ወጣት በዚያችው ከተማ ቶማስ ካላሃን የተባለ ነጋዴ ዘንድ ተቀጠረ። ካላሃንና ባልደረባው ጋይ ጆንሰን «ወርቃማው ሕግ» የሚል ስያሜ ያላቸው ሱቆች ነበሯቸው። ስያሜው ሰው ለራሱ የሚወደውን ለሌላው እንዲያደርግ ከሚያዝዘው የወንጌል ትምህርት የተወሰደ ነው። ፔኒ በ1899 ዋዮሚንግ ክፍለ ግዛት ውስጥ ወዳለው የኢቫንስተን ሱቃቸው ተዛወረ፤ በዚያው ዓመትም በርታ ሄስን አገባ። ሁለቱ ነጋዴዎች ትጋቱን ስላዩ አዲስ በሚከፈት ሱቅ ውስጥ የሲሶ ድርሻ እንዲይዝ ጋበዙት። የድርሻው ዋጋ 2,000 ዶላር ነበር። ፔኒ የነበረው 500 ዶላር ብቻ ስለሆነ ቀሪውን 1,500 ዶላር በትውልድ ከተማው ከሚገኝ ባንክ ተበደረ። ዱቤን በመቃወም የታወቀው ሰው የንግድ ሕይወቱን የጀመረው እንግዲህ በብድር ነው። ብድሩ ግን ተሸጦ ገንዘብ የሚመልስ ዕቃ የሚገዛበት እንጂ በልቶ ወይም ለብሶ የሚጨርሱት አልነበረም።

የኬመረር ሱቅ

አዲሱ ሱቅ ኤፕሪል 14 ቀን 1902 በዋዮሚንግ፣ ኬመረር በምትባል የድንጋይ ከሰል ማዕድን ከተማ ተከፈተ። ባልና ሚስቱ ከነልጃቸው ከሱቁ በላይ ባለው ቆጥ ላይ ይኖሩ ነበር፤ ወንበርና ጠረጴዛቸው ዕቃ የመጣባቸው የእንጨት ሣጥኖች ነበሩ።

በከተማይቱ ንግዱን የያዘው የማዕድን ኩባንያው ሱቅ ነበር። ቆፋሪዎች ደመወዝ የሚቀበሉት በወር አንድ ጊዜ ነው፤ በመካከሉ የሚያስፈልጋቸውን ከኩባንያው ሱቅ በዱቤ ይወስዱና እዳው ከደመወዛቸው ይቆረጥ ነበር። ብዙ ቤተሰብ የወሩ መጨረሻ ሲደርስ እጁ ላይ የሚገባው ገንዘብ ጥቂት ስለሆነ በማግስቱ ዱቤውን እንደገና ይጀምራል። ስለዚህ እጅ በእጅ ብቻ የሚሸጥ ሱቅ በእንዲህ ያለ ቦታ ዕድሜ አይኖረውም ብለው ፔኒን ያስጠነቀቁት ነበሩ።

ፔኒ ግን ስሌቱን በሌላ መንገድ ሠራው። በዱቤ የሚሸጥ ነጋዴ ሦስት ወጪዎች አሉበት። አንደኛ፣ ሳይከፍሉ የሚቀሩ ሰዎች ያስከተሉትን ኪሣራ በሚከፍሉት ሰዎች ዋጋ ላይ ይጨምረዋል። ሁለተኛ፣ የእያንዳንዱን ደንበኛ እዳ የሚመዘግብና የሚሰበስብ ሠራተኛ ይቀጥራል። ሦስተኛ፣ ገንዘቡ በሰው እጅ ስለሚቆይ ለጅምላ ነጋዴው በጊዜው መክፈል ያቅተዋል። እጅ በእጅ የሚሸጥ ሰው ሦስቱም ስለሌሉበት ዕቃውን በዝቅተኛ ዋጋ ሸጦ ቶሎ ቶሎ መተካት ይችላል። ሱቁ ዋጋው ቁርጥ ነበር፤ ለሁሉም ደንበኛ አንድ ዓይነት ዋጋ ይጠየቃል። ያልተስማማ ዕቃም መመለስ ይቻል ነበር።

በመጀመሪያው ቀን ሱቁ ጎህ ሲቀድ ተከፍቶ እኩለ ሌሊት ገደማ ሲዘጋ የቀኑ ሽያጭ 466 ዶላር ከ59 ሣንቲም ደረሰ። የአብዛኛው ዕቃ ዋጋ ከአንድ ዶላር በታች በነበረበት ሱቅ ይህ ትልቅ ገንዘብ ነው። የመጀመሪያው ዓመት ሽያጭ 28,898 ዶላር ሆነ። በ1907 ካላሃንና ጆንሰን ሽርክናቸውን ሲያፈርሱ ፔኒ የሦስት ሱቆችን ድርሻቸውን ገዝቶ ብቸኛ ባለቤት ሆነ።

የድርጅቱ ማደግ

ፔኒ ራሱ ያገኘውን ዕድል ለሌሎች የሚያስተላልፍ አሠራር ዘረጋ። አንድ የሱቅ ሥራ አስኪያጅ ሌላ ሰው አሠልጥኖ ሲያበቃ በአዲስ ሱቅ ውስጥ የሲሶ ድርሻ ይገዛል፤ እርሱም በተራው ሌላውን ያሠለጥናል። በዚህ መንገድ ሱቆቹ በፍጥነት ተባዙ። በ1909 ዋናው ቢሮ ወደ ሶልት ሌክ ሲቲ ተዛወረ። በቀጣዩ ዓመት መጨረሻ ላይ ባለቤቱ በርታ በሳንባ ምች ሞተች፤ ፔኒ በዚህ ሐዘን ለብዙ ጊዜ ተጎድቶ ቆየ። በ1913 ሱቆቹ በጄ. ሲ. ፔኒ ስም በአንድ ድርጅት ተጠቃለሉ፤ ዋናው መሥሪያ ቤትም በ1914 ወደ ኒው ዮርክ ተሻገረ።

በ1917 ፔኒ የፕሬዚዳንትነቱን ሥራ ለባልደረባው ለኧርል ሳምስ አስረክቦ የቦርድ ሊቀ መንበር ሆነ። 500ኛው ሱቅ በ1924 የተከፈተው ሥራ በጀመረባት በሃሚልተን ነበር። በ1929 የሱቆቹ ቁጥር ወደ 1,400 ተጠግቶ ነበር። አብዛኞቹ የሚገኙት በትናንሽ ከተሞች ዋና ጎዳና ላይ ሲሆን ደንበኞቻቸው ገበሬዎች፣ ሠራተኞችና የእነዚህ ቤተሰቦች ነበሩ።

በብድር የመጣ ውድቀት

ፔኒ ከዕለት ተዕለት ሥራው ሲርቅ ፊቱን ወደ በጎ አድራጎትና ወደ እርሻ አዞረ። በፍሎሪዳ ክፍለ ግዛት 120,000 ኤከር ያህል መሬት ገዝቶ ገበሬዎችን ማስፈር ጀመረ። በዚያም ጡረታ ለወጡ ሰባኪዎችና ቤተሰቦቻቸው መኖሪያ መንደር አሠራ፤ ስፍራው ዛሬም ፔኒ ፋርምስ ይባላል። በማያሚ ከተማ የአንድ ባንክ የቦርድ ሊቀ መንበርም ሆኖ ነበር።

ለእነዚህ ሥራዎች የሚያስፈልገውን ገንዘብ ያገኘው አክሲዮኑን በመሸጥ ሳይሆን አክሲዮኑን መያዣ አድርጎ ከባንኮች በመበደር ነው። የአክሲዮኑ ዋጋ እየጨመረ እስከሄደ ድረስ አሠራሩ አደጋ ያለው አይመስልም ነበር። በጥቅምት 1929 የኒው ዮርክ የአክሲዮን ገበያ ሲወድቅ ግን መያዣው ዋጋ አጣ፤ እዳው ግን እንደነበረ ቀረ። ባንኮች ገንዘባቸውን ጠየቁ። የማያሚው ባንክም በ1930 ተዘጋ። ፔኒ እስከ 1932 ባለው ጊዜ አበዳሪዎቹን ለመክፈል አክሲዮኖቹን አስረከበ፤ 40 ሚሊዮን ዶላር ይገመት የነበረው የግል ሀብቱ ጠፋ። በሕይወት መድኑ ላይ እስከ መበደርም ደረሰ። በዚያን ጊዜ ዕድሜው 56 ዓመት ነበር።

ጭንቀቱ ጤንነቱን ስለሰበረው በሚሺጋን ክፍለ ግዛት ባትል ክሪክ ወደሚገኝ የሕክምና ተቋም ገባ። እርሱ ራሱ በኋላ እንደተረከው፣ አንድ ሌሊት ከዚያ አያልፍም ብሎ ለቤተሰቡ የስንብት ደብዳቤ ጻፈ። ሲነጋ ግን በሕይወት ነበር፤ ከጸሎት ቤቱ የሚሰማውን መዝሙር ተከትሎ ገብቶ ከተቀመጠ በኋላ ልቡ እንደቀለለው ጽፏል። ከዚያ ወጥቶ በጓደኞቹ እርዳታ ወደ ድርጅቱ ተመለሰ፤ ቀስ በቀስም ኑሮው ተቃና።

በእነዚህ ዓመታት ሰውየውና ድርጅቱ የተለያየ ዕጣ ገጠማቸው። መሥራቹ በተበደረው ገንዘብ ሲወድቅ፣ ለማንም ያላበደረው ድርጅት ግን ክፉውን ዘመን ተሻገረ። ሽያጩ ቢቀንስም ሥራ ካጡ ደንበኞች የሚሰበስበው ዱቤ አልነበረበትም። ፔኒ ዱቤን መቃወሙ ከዚህ በኋላ የበረታው ያለ ምክንያት አይደለም፤ የአባቱ ምክር ብቻ የነበረው ነገር የራሱ ታሪክ ሆኗል።

ዱቤ ወደ ሱቆቹ ሲገባ

የሱቅ ዱቤ በአሜሪካ አዲስ ነገር አልነበረም። በትልልቅ ከተሞች ያሉ መደብሮች ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ለታወቁ ደንበኞቻቸው መለያ የሚሆን የብረት ሳንቲም ይሰጡ ነበር። ከ1928 በኋላ ደግሞ የደንበኛው ስምና አድራሻ የተቀረጸበት ትንሽ የብረት ሰሌዳ ተለመደ፤ ሻጩ ሰሌዳውን በማተሚያ ላይ አሳርፎ በደረሰኙ ላይ ያትመዋል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሕዝቡ ወደ ከተማ ዳርቻዎች ሲወጣ፣ ቤቱን በማቀዝቀዣና በቴሌቪዥን ሲሞላ፣ በዱቤ መግዛት የመካከለኛው መደብ ልማድ ሆነ።

በ1957 ዊልያም ባተን የተባለ የድርጅቱ ባለ ሥልጣን ለቦርዱ ጥናት አቀረበ። ባተን በወጣትነቱ በአንድ የፔኒ ሱቅ ጫማ ሻጭ የነበረ ሰው ነው። ጥናቱ ድርጅቱ የሕዝቡን የኑሮ ለውጥ እንዳልተከተለና ዱቤ የሚፈልጉ ደንበኞች ወደ ሌሎች መደብሮች እየሄዱ መሆናቸውን አመለከተ። ፔኒ ሐሳቡን ተቃወመ። በእርሱ አመለካከት ዱቤ ሰውን ከአቅሙ በላይ እንዲገዛ ይገፋፋል፤ ወጪውም በመጨረሻ በዋጋው ላይ ይጨመራል። ይሁን እንጂ ቦርዱ ለውጡን ተቀበለ፤ በ1958 ባተን ፕሬዚዳንት ሆነ፤ በዚያው ዓመት በተወሰኑ ሱቆች ለሙከራ ዱቤ ተጀመረ። ከጥቂት ዓመታት በኋላም አሠራሩ ወደ ሌሎቹ ተዳረሰ። በመስከረም 1958 ባንክ ኦፍ አሜሪካ በካሊፎርኒያ፣ በፍሬዝኖ ከተማ ለ60,000 ያህል ሰዎች የራሱን የመጀመሪያዎቹን ካርዶች በፖስታ የላከ በመሆኑ ዓመቱ በካርድ ታሪክ ውስጥ ሁለት ጊዜ ይነሳል።

ሁለቱም ወገኖች የያዙት እውነት ነበር። እጅ በእጅ መሸጥ ዋጋን ቢያረክስም፣ ልጁ ትምህርት ቤት ሲገባ ልብስ መግዛት ያለበትንና ደመወዙ ግን ገና ሁለት ሳምንት የቀረውን ሠራተኛ ባዶ እጁን ይመልሳል። ዱቤ ይህን ክፍተት ይሞላል፤ ነገር ግን ክፍያው ካልተጠበቀ ክፍተቱን ወደሚቀጥለው ወር ያሻግረዋል።

የሱቅ ካርድ አሠራርና የፔኒ ሥጋት

በአንድ መደብር ስም የሚወጣ ካርድ አብዛኛውን ጊዜ የሚያገለግለው በዚያው መደብር ብቻ ነው። ደንበኛው በወሩ ውስጥ የገዛው ሁሉ ተደምሮ የሂሳብ መግለጫ ይላክለታል። በመግለጫው ላይ ሦስት ቁጥሮች ይገኛሉ፤ እነርሱም ጠቅላላው እዳ፣ ዝቅተኛው ክፍያና የመክፈያው ቀን ናቸው። በመደበኛው አሠራር፣ ካለፈው ወር የተረፈ እዳ ከሌለ፣ ጠቅላላውን በቀኑ የከፈለ ሰው ወለድ የለበትም፤ የሱቁን ገንዘብ በነጻ ተጠቅሟል ማለት ነው። ዝቅተኛውን ብቻ የከፈለ ሰው ቅጣት ባይኖርበትም በቀሪው ላይ ወለድ ይታሰብበታል። ቀኑን ያሳለፈ ደግሞ ወለዱም ቅጣቱም ይደርስበታል።

በ1960ዎቹ በመደብሮች የተለመደው ወለድ በወር 1.5 በመቶ ነበር። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ በዓመት ግን 18 በመቶ ነው። 200 ዶላር እዳ ያለበትና በየወሩ 10 ዶላር የሚከፍል ሰው ሌላ ምንም ሳይገዛ እዳውን ለመጨረስ 24 ወር ገደማ ይፈጅበታል፤ ወለዱም ወደ 40 ዶላር ይደርሳል። ከመጀመሪያው 10 ዶላር ውስጥ 3 ዶላሩ የሚሄደው ለወለድ ነው። ፔኒ በኬመረር ያየው የቆፋሪዎች የዱቤ መዝገብ በዚህ ስሌት ውስጥ ሌላ መልክ ይዞ ተመልሷል። ልዩነቱ፣ የማዕድኑ ኩባንያ እዳውን ከደመወዝ ላይ ራሱ ሲቆርጥ፣ በካርዱ ጊዜ ግን ቀኑን የሚያስታውሰውም ምን ያህል እንደሚከፍል የሚወስነውም ደንበኛው ራሱ መሆኑ ነው።

አበዳሪዎች የወለዱን መጠን በዓመት አስልተው በግልጽ እንዲያሳዩ የሚያስገድደው የአሜሪካ ሕግ በ1968 ወጣ። ሰው ያላመለከተበትን ካርድ በፖስታ መላክ ደግሞ በ1970 ተከለከለ። ፔኒ ሁለቱንም ለማየት በሕይወት ነበር። ከሞተ ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ በ2009 የወጣው ሕግ የሂሳብ መግለጫ ከመክፈያው ቀን ቢያንስ 21 ቀን ቀድሞ እንዲላክና የመክፈያው ቀን በየወሩ አንድ ዓይነት እንዲሆን አዝዟል።

የመጨረሻ ዓመታትና ቅርስ

ፔኒ እስከ እርጅናው ድረስ ሱቆቹን እየዞረ ይጎበኝና ከሠራተኞች ጋር ይወያይ ነበር። በ1940 በአዮዋ ክፍለ ግዛት በዴሞይን ከተማ ካገኛቸው ጀማሪ ሠራተኞች አንዱ በኋላ ዋልማርትን የመሠረተው ሳም ዋልተን ነው። ፔኒ ዕቃ በጥቂት ወረቀትና በአጭር ሲባጎ አሳምሮ እንዴት እንደሚጠቀለል እንዳሳየው ዋልተን ተናግሯል። ፔኒ በ1946 ከሊቀ መንበርነቱ ቢነሳም ከ90 ዓመቱ በኋላም ኒው ዮርክ ወዳለው ቢሮው መሄዱን አልተወም። በ1971 በ95 ዓመቱ አርፎ በኒው ዮርክ፣ ብሮንክስ ውስጥ በሚገኘው የዉድሎን መካነ መቃብር ተቀበረ። ከሦስተኛ ባለቤቱ ከካሮላይን ጋር የኖረው ከ1926 ጀምሮ ነው፤ ሁለተኛ ባለቤቱ ሜሪ ኪምቦል በ1923 ሞታ ነበር።

ድርጅቱ በ1999 የካርድ ሥራውን ለአንድ የገንዘብ ተቋም ሸጧል። እንደ ብዙዎቹ የመደብር ካርዶች ሁሉ የፔኒም ካርድ ዛሬ የሚሰጠው በባንክ ነው፤ ደንበኛው የመደብሩን ስም ቢያይበትም እዳው ያለበት ለባንኩ ነው። ድርጅቱ ራሱ የብዙ ዓመት እዳ ከብዶት፣ በኮሮና ወረርሽኝ ሱቆቹ በተዘጉበት በግንቦት 2020 የኪሣራ ጥበቃ ጠየቀ፤ በኋላም ባለቤትነቱ ወደ ሌሎች ኩባንያዎች ተላለፈ።

ፔኒ በኬመረር የኖረበት ትንሽ ቤት ዛሬ ቤተ መዘክር ሲሆን፣ ቤቱና ሱቁ የሚገኙበት ስፍራ በ1978 የአሜሪካ ብሔራዊ ታሪካዊ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል።